ሦስት ጊዜ የሚያዝ አንድ ኤረር፦ የኔትወርክ ኮድ ስታጸዱ የቱን መንገድ ትመርጣላችሁ?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሦስት ሰው በግድ የምትይዝ ክፍል አለችን። እዚያ የምንሠራት አንዲት የኔትወርክ ላይብረሪ አለች፤ በፓይተን ነው የተጻፈችው። ሥራዋ ቀላል ነው። ኮምቦልቻ ያሉ ሱቆች የቀኑን ሽያጭ ይልካሉ፣ እሷ ደሴ ላለው ሰርቨር ታደርሳለች። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። በኔትወርክ ግን አንዳንድ ቀን ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ይደርሳል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለም።

አንድ ቀን አንድ ባለሱቅ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ይሄ ነገራችሁ አራት ደቂቃ ሲሽከረከር ይቆይና 'አልተላከም' ይለኛል። አልተላከም ለማለት አራት ደቂቃ ምን ይሠራለታል?"

እውነታቸውን ነው። ኮዱን ከፈትነው። ከታች ሶኬቱን (የኔትወርክ ግንኙነቱን ጫፍ) የሚነካው ክፍል ኤረር ሲያገኝ ይይዘዋል፣ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ ይጽፋል፣ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። መሀል ላይ መልእክቱን የሚያዘጋጀው ክፍልም እንዲሁ፦ ይይዛል፣ ይጽፋል፣ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ከላይ ሽያጩን የሚልከውም ያንኑ ይደግማል። ሦስት በሦስት በሦስት፣ 27 ሙከራ። ኮኔክሽን ለመክፈት የሰጠነው ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) 10 ሰከንድ ስለሆነ 270 ሰከንድ ይሄዳል፤ አራት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። ሎጉ ላይ ደግሞ ታችኛው 27፣ መካከለኛው 9፣ ላይኛው 3 መስመር ጽፈዋል። ለአንድ የተቋረጠ ኔትወርክ 39 መስመር።

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ማን ነው የጻፈው?" አለችኝ አብራኝ የምትሠራው ልጅ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማረች ናት፣ ፊት አትሰጥም። የትኛውን መስመር ማን እንደጻፈ በሚያሳየው ጊት ብሌም ስናየው እኔ ነኝ። በሦስት የተለያዩ ዓመታት፣ በሦስት የተለያዩ ድንጋጤዎች።

መናኸሪያ ላይ ይሄንኑ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ተራ አስከባሪው ሰው ይቆጥራል፣ ረዳቱ ይቆጥራል፣ ሹፌሩም ዞር ብሎ ይቆጥራል። ሦስቱም "ያኛው ቆጥሯል" ብለው የተማመኑ ቀን ግን ውሃ ልትገዛ የወረደችው እናት ትቀራለች። የተደጋገመ የኤረር ኮድም እንዲሁ ነው። መርዘሙና ማስጠላቱ አይደለም ችግሩ። ማን እንደሚወስን የማይታወቅ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከታች ያሉትን አምስት መንገዶች ስናወዳድር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ኤረር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው የትኛው የኮድ ክፍል ነው?

ባለበት መተው

ከመሳቃችሁ በፊት ይህም ምርጫ ነው። ቴስት የሌለው ኮድ ከሆነ፣ በጥቂት ወር ውስጥ በሌላ የሚተካ ከሆነ፣ ማንም ስለ እሱ ካልደወለ፣ ተዉት። ለሚሞት ኮድ ጽዳት ጉልበት ማባከን ነው።

ግን ባለበት ትታችሁም ቢሆን አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። እኛ የዚያኑ ቀን ታችና መሀል ያሉትን የሙከራ ቁጥሮች ከሦስት ወደ አንድ አወረድናቸው። ሁለት ፊደል መቀየር ነው። 27 ሙከራ 3 ሆነ፣ አራት ደቂቃ ተኩሉ 30 ሰከንድ። ባለሱቁም መደወል አቆሙ። ኮዱ ግን እንደዚያው አስቀያሚ ነበር።

የሞተውን ብቻ ማንሳት

ለብዙ ሰው የምመክረው መጀመሪያ ይህን ነው። ሐሳቡ፣ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ሳትቀይሩ ፈጽሞ የማይሠራውን ወይም ሁለት ጊዜ የተጻፈውን መስመር ብቻ ማውጣት ነው።

ፓይተን ውስጥ ይህ ዓይነቱ ነገር ሞልቷል፤ ምክንያቱም ቋንቋው ራሱ እያጸዳ መጥቷል፣ የእኛ ኮድ ግን አልተከተለውም። በፈረንጆቹ 2012 የወጣው ፓይተን 3.3 አይኦኤረርን፣ ሶኬት.ኤረርን እና ሴሌክት.ኤረርን ሁሉ ኦኤስኤረር የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኤረር ሌላ ስም አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱን በቅንፍ ደርድሮ መያዝ አንድን ሰው በስሙ፣ በአባቱ ስምና በቅጽል ስሙ ሦስት ጊዜ እንደመጥራት ነው። የእኛ ኮድ ውስጥ ይህ ድርድር 14 ቦታ ነበር።

ፓይተን 3.5 ደግሞ ሌላ አቃለለ። ሲግናል (ለፕሮግራሙ የሚላክ ማሳሰቢያ) መጥቶ የሲስተም ጥሪ ሲያቋርጥ ድሮ ኢንተራፕትድኤረርን ይዘን እንደገና እንሞክር ነበር። አሁን ፓይተን ራሱ ይሞክራል። ያ ሉፕ ሊወጣ ይችላል። ኤሲንክ (ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬድ ኮድ) የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ሥራ ሲሰረዝ የሚመጣው ካንስልድኤረር ከፓይተን 3.8 ጀምሮ የኤክሴፕሽን ልጅ (ከእሱ የሚወርስ ክላስ) መሆኑ ቀርቷል፤ በቀጥታ የቤዝኤክሴፕሽን ልጅ ሆኗል። ስለዚህ ከ"ኤክሴፕት ኤክሴፕሽን" በላይ እሱን ብቻ ይዞ መልሶ መወርወር ትርፍ ሆኗል። ምንም ስም ሳይጠቅስ ሁሉን የሚይዝ ባዶ ኤክሴፕት ካላችሁ ግን እሱ አሁንም ይውጠዋል። እንዲያውም መጀመሪያ እሱን አውጡ።

ይህን ሥራ ራፍ የሚባለው የኮድ መፈተሻ ብዙውን ያግዛችኋል። አንድን ኤረር በአንድ ቅንፍ ሁለት ጊዜ ስትይዙ ይነግራችኋል፣ የድሮ ስሞችን በአዲስ ይተካል። ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኔ የወደቅሁት እዚህ ነው።

ሶኬት.ታይምአውት የታይምአውትኤረር ሌላ ስም የሆነው በፓይተን 3.10 ነው። የኤሲንክአይኦው ታይምአውት ደግሞ በ3.11። የእኔ ላፕቶፕ 3.11 ነበረው፤ ራፍንም "የምንጽፈው ለ3.11 ነው" ብዬ አዝዤዋለሁ። እሱም እንደታዘዘው ሶኬት.ታይምአውት የሚለውን ሁሉ ወደ ታይምአውትኤረር ቀየረልኝ። ቴስቱ አለፈ። ደስ ብሎኝ ለቀቅሁት።

ኮምቦልቻ ካሉት ሱቆች በአንዱ ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ለዊንዶውስ 7 የሚሆነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። 3.8 ላይ ሶኬት.ታይምአውት የኦኤስኤረር ልጅ ነው፤ ከታይምአውትኤረር ጋር ግን ዝምድናው የወንድም ነው። አንዱን መያዝ ሌላውን አይይዝም።

ኮዳችን መልስ ሲጠብቅ ሁለት መንገድ ነበረው። ታይምአውት ከሆነ "ምናልባት ደርሷል" ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሌላ ኦኤስኤረር ከሆነ "አልደረሰም" ብሎ እንደገና ይልካል። እዚያ ሱቅ ታይምአውቱ ከላይኛው ቅርንጫፍ አመለጠና ታች ኦኤስኤረር ላይ ወደቀ። ምንም ኤረር አልታየም። ሎጉ ንጹሕ ነው። ብቻ ሰኞ የተሸጠው ስኳር ሁለት ጊዜ ተሸጦ ተመዘገበ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ስወርድ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ራፍ አልዋሸኝም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት።

ስለዚህ ይህን መንገድ ስትመርጡ "ትርፍ ነው" የሚለው ቃል ቨርዥን እንዳለው እወቁ። የምትለኩት በራሳችሁ ላፕቶፕ መሆን የለበትም። ተጠቃሚዎቻችሁ ጋ ያለው የመጨረሻው አሮጌ ማሽን ነው መለኪያው።

ትርፍ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

ጥቂቶቹን ልንገራችሁ፤ ጀማሪ ሲያጸዳ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠርጋቸው እነዚህን ነው።

ታይምአውት። "ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ያቋርጠዋል፣ እኛ ለምን እንቆጥራለን?" ያለኝ ሰው አለ። ያቋርጠዋል፣ አዎ። ሊኑክስ በተለመደው ቅንብሩ መልስ የማይሰጥ ሰርቨር ላይ ኮኔክሽን ለመክፈት ደጋግሞ ሞክሮ ተስፋ የሚቆርጠው ከሁለት ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ኮኔክሽኑ ተከፍቶ ከላካችሁ በኋላ ወዲያኛው ወገን ድምፁ ከጠፋ ደግሞ 15 ደቂቃ ገደማ ሊወስድ ይችላል። መልስ ብቻ እየጠበቃችሁ ከሆነማ ጭራሽ ላያበቃ ይችላል። የፓይተን ሶኬት ካልነገራችሁት በቀር ታይምአውት የለውም። ሪኩዌስትስ የሚባለው ታዋቂ ላይብረሪም እንዲሁ።

ሲ ለምትጽፉ፣ ኢአጌን እና ኢውድብሎክ፤ ሁለቱም "አሁን አልተዘጋጀም፣ ቆይተህ ሞክር" የሚሉ ኤረሮች ናቸው። ሊኑክስ ላይ ሁለቱም 11 ቁጥር ናቸው። ሁለቱን በአንድ ስዊች ውስጥ ብትጽፉ ኮምፓይለሩ አይቀበላችሁም፣ በ"ወይም" ብታያይዟቸው ሊያስጠነቅቃችሁ ይችላል። ግን ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደንብ አንድ መሆን አለባቸው አይልም። ላይብረሪው ሌላ ሲስተም ላይ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም አቆዩና ኮምፓይለሩ ቁጥሮቹን አወዳድሮ እንዲመርጥ አድርጉት።

መዝጋት። ፓይተን ውስጥ አንድን ሶኬት ሁለት ጊዜ መዝጋት ምንም አያመጣም፤ አንዱን አውጡት። ሲ ውስጥ ግን ሁለተኛው መዝጋት አደገኛ ነው፤ ሶኬቱን የሚወክለው ቁጥር በመሀል ለሌላ ፋይል ተሰጥቶ ከሆነ የሰው ፋይል ትዘጋላችሁ። በዚያው ምክንያት ሊኑክስ ላይ መዝጋት በሲግናል ተቋረጠ ብሎ እንደገና መዝጋት ስህተት ነው፤ ቁጥሩ ቀድሞ ተለቅቋል።

አንድ በር ላይ መሰብሰብ

የሞተው ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ በሕይወት ያለ ግን አሥራ ምናምን ቦታ የተገለበጠ ኮድ ነው። ይህን ወደ አንድ ቦታ ማምጣት ይቻላል። ፓይተን ውስጥ "ዊዝ" በሚለው የሚከፈት ኮንቴክስት ማናጀር ወይም ዲኮሬተር ይሆናል። ኤረሩ እዚያ ተይዞ፣ ወደ አንድ ግልጽ ኤረር ተለውጦ ይወጣል።

እኛ ያገኘነው ትልቁ ጥቅም መስመር መቀነሱ አልነበረም። ታችኛው ክፍል መያዝ አቆመ። ዝም ብሎ ይሰበራል፣ ኤረሩ ወደ ላይ ያልፋል። መጀመሪያ ሲያዩት ኮዱ ራቁቱን የቀረ ይመስላል፤ እጃችሁ ትራይ ልጻፍ ልጻፍ ይላችኋል። ታገሡ። ታችኛው ክፍል ስለ ሽያጩ ምንም አያውቅም። ባይት ነው የሚያውቀው። ይደገም ወይስ ይቅር ብሎ ሊወስን አይችልም፤ ስለዚህ መያዝም የለበትም። የከፈተውን መዝጋት ብቻ ነው ኃላፊነቱ።

ኤረሩን ስትለውጡ የመጀመሪያውን አትጣሉት። "ሬይዝ" ስትሉ "ፍሮም" ብላችሁ የቀደመውን አያይዙ። ሎግ ላይ ሁለቱም ተያይዘው ይታያሉ። የመጀመሪያውን የጣለ ቡድን በኋላ "መላክ አልተቻለም" የሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይቀመጣል፤ ኮኔክሽኑ እምቢ ተብሎ ይሁን፣ የሰርቨሩ ስም ጠፍቶ ይሁን፣ ማንም አያውቅም።

ጉዳቱስ? በሩ ይወፍራል። "እዚህ ጋ ሎግ አታድርግ"፣ "እዚያ ጋ ሁለት ጊዜ ሞክር"፣ "ለዚህ ደንበኛ ዝም በል" የሚሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይጨመሩበታል። ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም። አንድ በር ከሦስት በላይ ማብሪያ ማጥፊያ ካስፈለገው አንድ በር አልነበረም ማለት ነው፤ ለሁለት ክፈሉት። ከተሰበሰበ የተዘበራረቀ ይልቅ የተደጋገመ ግልጽ ኮድ ይሻለኛል።

የራስን የኤረር ቤተሰብ መሥራት

ላይብረሪውን ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ይህ መንገድ ያስፈልጋል። ተጠቃሚው ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ አንድ ስም ይዞ እንዲተኛ ነው። ሪኩዌስትስ ይህን አድርጓል፦ ሪኩዌስትኤክሴፕሽን የሚል አባት አለው፣ የላይብረሪው ኤረሮች ከእሱ ይወርዳሉ። ብልሃቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ያ አባት ራሱ ከአይኦኤረር ይወርዳል። ስለዚህ ድሮ ኦኤስኤረርን ይዞ የጻፈ ሰው ኮዱ አይሰበርበትም። እናንተም ስትሠሩ አዲሱን ቤተሰብ ከአሮጌው አትቁረጡት።

የሚበዛው ስህተት ለእያንዳንዱ ነገር ክላስ መፍጠር ነው። ተጠቃሚው በተለየ መንገድ የማይመልስለት ኤረር የተለየ ስም አያስፈልገውም። እኛ ሦስት ብቻ አስቀረን። አንደኛው አልደረሰም፣ መድገም ያዋጣል። ሁለተኛው አልተቀበሉትም፣ መድገም ትርፉ ድካም ነው። ሦስተኛው ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ አናውቅም።

ሦስተኛውን የብዙ ሰው ኮድ ውስጥ አታገኙትም። ከላኩ በኋላ የሚመጣ ታይምአውት እዚህ ነው ቦታው። ከላኩ በኋላ የተሰበረ ኮኔክሽንም እንዲሁ፤ ይሄን እንኳ እኛ ዘግይተን ነው የገባን፣ ድሮ "አልደረሰም" እንለው ነበር። ለዚህ ኤረር መልሱ ከኤረር ኮዱ ውጭ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ከሱቁ ሲነሳ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ካየ "ደርሶኛል" ብሎ ይመልስ እንጂ አይመዝግብ። ይህ ከተደረገ ስኳሩ ሁለት ጊዜ አይሸጥም፣ መድገምም አያስፈራም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስሙን አንዴ ከለቀቃችሁት ቃል ኪዳን ነው። ላይብረሪው የራሳችሁ ብቻ ከሆነ ይሄን ዕዳ አትግቡበት፣ አንዱ በር ይበቃችኋል።

ሙከራውን ለሌላ ማስረከብ

መድገሙን ራሱን ቴናሲቲ ለሚባለው ላይብረሪ ወይም በኤችቲቲፒ ከሆነ ዩአርኤልሊብ3 ለሚባለው መስጠት ይቻላል። ጥሩ ነው፣ በአንድ ሁኔታ፦ የራሳችሁን ሙከራ በሙሉ ካነሣችሁ ብቻ። ዩአርኤልሊብ3 ምንም ሳትነግሩት ራሱ እስከ ሦስት ጊዜ ይደግማል። እናንተ ከላይ ሦስት ካላችሁ፣ ወደ ብዜት ሠንጠረዡ ተመለሳችሁ። መልካሙ ነገር፣ ጥያቄው ከወጣ በኋላ የተበላሸውን ሲደግም ፖስትን (አዲስ ነገር እንዲመዘገብ የሚልከውን የኤችቲቲፒ ጥያቄ) አይነካም፤ ፖስት መድገም ሁለት ጊዜ መመዝገብ ሊሆን ስለሚችል።

እንዲህ ያሉ ላይብረሪዎች የሚሰጡት ሌላ ነገር በሙከራ መሀል እየረዘመ የሚሄድና በዕጣ የሚለያይ ዕረፍት ነው። ይህ ቅንጦት አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ሱቅ በአንድ ሰከንድ ኮምፒውተሩን ያበራል፣ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ይልካል። ሁሉም አምስት አምስት ሰከንድ ጠብቆ ከደገመ ሰርቨሩን እንደገና በአንድ ላይ ነው የሚረግጡት።

ታዲያ የቱ?

የውስጥ ስክሪፕት ከሆነና ሁለት ሰው ብቻ የሚነካው ከሆነ፣ የሞተውን አንሡና አቁሙ። ደንበኛ ፊት የሚደርስ ከሆነ አንድ በር ጨምሩ። የራስ ኤረር ቤተሰብ ውጭ ሰው ሲጠቀም ብቻ። ሙከራን ማስረከብ ከሁሉም ጋር ይሄዳል፣ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ማን እንደሚወስን ሳይታወቅ ከገባ አራተኛ ንብርብር ሆኖ ያርፋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከማጽዳት በፊት ሦስት ትንንሽ ቴስቶች ጻፉ። አንዱ ማንም የማይሰማበት ፖርት ላይ ይደውል፤ ወዲያው እምቢ ይባላል። ሁለተኛው ኮኔክሽን ተቀብሎ ዝም የሚል ሰርቨር ይክፈት፤ ታይምአውት ይመጣል። ሦስተኛው ግማሽ መልስ ልኮ ይዝጋ። ሦስቱም አሥር አሥር መስመር አይሞሉም። እኔ ሁለተኛውን በ3.8 አስኬጄው ቢሆን ኖሮ የሚኒባሱ ሂሳብ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። ደግሞ በአንድ ኮሚት አንድ ዓይነት ጽዳት ብቻ አድርጉ። ስም መቀየርና ባሕርይ መቀየር አብረው ከገቡ ሪቪው የሚያደርገው ሰው ዓይኑ ይፈዛል፣ ያልፋል።

አሁን ላይብረሪያችን ውስጥ ኤረር የሚያዝበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ በሩ፣ ሌላው ባለሱቁ የሚያየውን ጽሑፍ የሚመርጠው ክፍል። በሩ ላይ ሶኬት.ታይምአውት እና ታይምአውትኤረር አሁንም ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ራፍም የሚያውቀው 3.8 ብቻ ሆኗል። አጠገባቸው ልጅቷ የጻፈችው ኮሜንት አለ፦ "ትርፍ ይመስላል፣ አይደለም። ኮምቦልቻ ያለው ዊንዶውስ 7 እስኪቀየር አትንኩ። ጋሼ፣ አንቱንም ጭምር ነው።"